የግል የብድር ታሪክ መዝገብን ስለ ማወቅና ስለ መመርመር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




 በዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ውኃ አቅርቦት መነጋገር የቆየ ልማዳችን ስለ ሆነ፣ አንድ መሐንዲስ ተነሥቶ ስለ ብድር መዝገብ ሲናገር ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ አገር ለምንኖር ሁሉ ቤት ለመግዛት፣ መኪና በዱቤ ለመውሰድ፣ አፓርታማ ለመከራየት፣ አልፎ አልፎም ሥራ ለመቀጠር ባሰብን ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ከባለጉዳዩ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ክሬዲት ሪፖርት የሚባለው የግል የብድር ታሪክ መዝገባችን ነው። እኛ ከደጅ ቆመን ስናንኳኳ እርሱ አስቀድሞ ገብቶ ስለ እኛ መስክሮ ይጠብቀናል።

የሙያችን ደንብ የታወቀ ነው። ማንም መሐንዲስ ሌላ ሰው የሠራውን ንድፍ መጠኑን ሳያመሳክር፣ ስሌቱንም ሳይመረምር ፊርማውን አያኖርበትም። የብድር ታሪክ መዝገባችን ግን ሌሎች ሰዎች ስለ እኛ የነደፉት ንድፍ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ገልጠው ሳያዩት ዓመታት የሚያሳልፉ ወገኖች አይታጡም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን መዝገብ እንደ ንድፍ ወረቀት ዘርግተን ማን እንደ ሠራው፣ ምን እንደ ያዘ፣ ስሕተት በየት በኩል እንደሚገባበትና እንዴት እንደሚታረም አብረን እንድንመለከት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

፩. የመዝገቡ አመጣጥ

በአሜሪካ ውስጥ የሕዝቡን የብድር ታሪክ የሚይዙ ሦስት ታላላቅ ኩባንያዎች አሉ፤ እነርሱም ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ይባላሉ። ሦስቱም ለትርፍ የተቋቋሙ የግል ድርጅቶች እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም። ኢኩዊፋክስ በ1899 በአትላንታ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ሪቴይል ክሬዲት ኩባንያ በሚል ስም ያቋቋሙት ሲሆን፣ የዛሬውን ስሙን የያዘው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። የሁለቱ የሌሎቹ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለመሐንዲሶች ልዩ ጣዕም አለው። ትራንስዩኒየን በ1968 የተፈጠረው ለባቡር የሚሆኑ የነዳጅ ታንከር ፉርጎዎችን ያከራይ በነበረ ኩባንያ አማካይነት ነው። ኤክስፒሪያንም እስከ 1996 ድረስ በሮኬትና በመንኮራኩር ሥራ ስሙ የገነነው የቲ አር ደብልዩ ኩባንያ አካል ነበር። በመዝገቡ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላውን ነጥብ የፈጠረው ድርጅትም እንዲሁ ነው፤ በ1956 ያቋቋሙት ዊልያም ፌር የተባለው መሐንዲስና ኤርል አይዛክ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ለሙያችን ባዕድ ነው ለማለት የሚያስደፍር አይደለም።

በቀድሞው ዘመን እነዚህ ድርጅቶች የሚሰበስቡት የከፋይነት ታሪክን ብቻ አልነበረም። መርማሪ ሠራተኞቻቸው ጎረቤትን እየጠየቁ ስለ ሰው ጠባይ፣ ስለ መጠጥ ልማዱና ስለ ትዳሩ ሳይቀር ወሬ ይለቅሙ ነበር። ባለ መዝገቡ ግን ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማየት መብት አልነበረውም። ይህ አሠራር በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ምክር ቤት ከተመረመረ በኋላ በ1970 ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የተባለው ሕግ ወጣ። ሕጉ ማንኛውም ሰው በመዝገቡ ውስጥ ያለውን እንዲያውቅና በስሕተቱ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ መብት ሰጠው። ኩባንያዎቹንም መዝገቡ በተቻለ መጠን ሁሉ ትክክለኛ እንዲሆን የሚያስችል ተገቢ አሠራር እንዲከተሉ አስገደዳቸው። በ2003 የወጣው የማሻሻያ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው መዝገቡን በየዓመቱ ከሦስቱም ኩባንያዎች ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ፈቀደ።

፪. በመዝገቡ ውስጥ ያለውና የሌለው

መዝገቡ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ስምን፣ የልደት ቀንን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን፣ የዛሬና የቀድሞ አድራሻዎችን፣ አንዳንዴም የአሠሪዎችን ስም የያዘው የመታወቂያ ክፍል ነው። ሁለተኛው የሒሳቦቹ ዝርዝር ሲሆን፣ እያንዳንዱ የክሬዲት ካርድና እያንዳንዱ ብድር መቼ እንደ ተከፈተ፣ ጣሪያው ስንት እንደ ሆነ፣ ምን ያህል ዕዳ እንደ ቀረበትና በየወሩ በጊዜው መከፈል አለመከፈሉ የሚታየው በዚህ ክፍል ነው። ሦስተኛው የኪሣራ ፍርድንና ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ኩባንያ የተላለፉ ሒሳቦችን ይይዛል። አራተኛው መዝገቡን ማን ማን ጠይቆ እንዳየው የሚዘረዝር ነው።

በዚህ በአራተኛው ክፍል ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች እንዳሉ መለየት ያስፈልጋል። ብድር ፈልገን ስናመለክት አበዳሪው የሚያደርገው ጥያቄ ሁለት ዓመት በመዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ነጥባችንንም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። እኛ ራሳችን መዝገባችንን ለማየት የምናደርገው ጥያቄ ግን በነጥባችን ላይ አንዳች ጉዳት የለውም። «ደጋግሜ ባየው ነጥቤ ይወርዳል» የሚባለው በወገኖቻችን መካከል የሚወራ ነገር መሠረት የለውም።

በመዝገቡ ውስጥ የሌለውን ማወቅም ያለውን የማወቅ ያህል ይጠቅማል። ደመወዛችን አይጻፍበትም። በባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ አይታይበትም። ዘራችን፣ ሃይማኖታችንና የትምህርት ማዕረጋችንም አይገኝበትም። ስለዚህም ከፍተኛ ደመወዝ ያለው አንድ ኢንጂነር የደከመ መዝገብ ሊኖረው፣ በሰዓት ሒሳብ የሚከፈለው የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ደግሞ እንከን የሌለው መዝገብ ሊይዝ ይችላል።

እቁባችንም በመዝገቡ ውስጥ የለም። በአገራችን የአንድ ሰው ታማኝነት የሚለካው በእቁብተኛው ፊት ነው። ዳኛው ያየዋል፤ ጸሐፊው ይመዘግበዋል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ጸሐፊው ቢሳሳት ባለጉዳዩ በዚያው ዕለት ብድግ ብሎ «ከፍያለሁ» ይላል፤ ምስክሮቹም ከጎኑ ተቀምጠዋል። በዚህ አገር ግን ጸሐፊውን አይተነው አናውቅም፤ መቼ እንደሚጽፍም አይነግረንም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ዕጣ ሳያጓድል እቁብ የጣለ ሰው ለአሜሪካ አበዳሪ ምንም ታሪክ የሌለው ሰው ሆኖ ይታያል። በአገር ቤትም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተበዳሪዎች መረጃ የሚያዝበትን ሥርዓት ዘርግቷል፤ ይሁን እንጂ የዚያ መዝገብ ታሪክ ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደዚህ አይመጣም። አዲስ መጥ ወገናችን ባዶ መዝገብ ይዞ ይጀምራል፤ ባዶ መዝገብም እንደ ንጹሕ መዝገብ አይቈጠርም።

፫. ከመዝገቡ ወደ ነጥቡ

ብዙ ሰው መዝገቡንና ነጥቡን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። መዝገቡ የመስክ ልኬት ቢሆን ነጥቡ ከዚያ ልኬት ላይ የሚሠራው ስሌት ነው። ልኬቱ ከተሳሳተ ቀመሩ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ውጤቱ ስሕተት መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም።

በአበዳሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ በ1989 የወጣ ሲሆን ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ድርጅቱ ራሱ እንዳስታወቀው የነጥቡ 35 በመቶ የሚመጣው በጊዜ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ከዕዳው መጠን፣ 15 በመቶው ከታሪኩ ርዝመት ነው። አዲስ በሚከፈት ብድርና በብድሮቹ ዓይነት ላይ የተመሠረቱት ድርሻዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ከነጥቡ ሁለት ሦስተኛው ያህል በሁለት ነገሮች ብቻ የተያዘ ነው፤ ይኸውም በጊዜ መክፈልና የካርድን ጣሪያ አለመጠጋት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት የአሠራር ነጥቦችን ልጨምር። አንደኛ፣ በተለመደው አሠራር ክፍያ ዘገየ ተብሎ ወደ መዝገቡ የሚተላለፈው 30 ቀን ሲያልፈው ነው። ስለሆነም በአምስት ቀን የዘገየ ሰው መቀጮ ይከፍል ይሆናል እንጂ በ30ው ቀን ውስጥ ከከፈለ መዝገቡ አይጎድፍም። ሁለተኛ፣ የካርድ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው የወሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን ባለው መጠን ነው። ዕዳውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው እንኳ ከመዝጊያው ቀን በፊት ብዙ ወጪ አድርጎ ከሆነ ባለ ዕዳ መስሎ ይታያል። ቤት ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ከመዝጊያው ቀን ቀደም ብሎ ቢከፍል ይጠቀማል።

የነጥቡ ልዩነት በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ እናስላው። አንድ ሰው 400,000 ዶላር ለ30 ዓመት ይበደር እንበል። ወለዱ 6.5 በመቶ ቢሆን በየወሩ 2,528 ዶላር ያህል ይከፍላል። ነጥቡ ዝቅ ብሎ በመገኘቱ ወለዱ 7.25 በመቶ ቢሆንበት ግን ወርኃዊ ክፍያው 2,729 ዶላር ያህል ይደርሳል። ልዩነቱ በወር 200 ዶላር፣ በ30 ዓመት ውስጥም ከ72,000 ዶላር በላይ ነው። ይህ የአንድ ልጅ የኮሌጅ ትምህርት ወጪ ሊሆን ይችላል፤ በአገር ቤት ያሉ ወላጆችን ለብዙ ዓመታት ሊጦርም ይችላል። በአንድ መስመር ስሕተት ምክንያት ይህን ያህል መክፈል ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ያባቶቻችንን ብሂል መዘንጋት ነው።

፬. ስማችንና የልደት ቀናችን

ስሕተት ምን ያህል ይገኛል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1,001 ሰዎች መዝገብ ላይ አስጠንቶ በ2013 ይፋ ባደረገው ውጤት መሠረት፣ ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ከሦስቱ መዝገቦች ቢያንስ በአንዱ ላይ አቤቱታ አቅርቦ የታረመ ስሕተት ተገኝቶበታል። ከመቶ አምስት ያህሉ ደግሞ ስሕተታቸው ሲታረም ቀድሞ ከነበሩበት ወደ ተሻለ የወለድ ደረጃ ሊያሸጋግራቸው የሚችል ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ የአጠቃላዩ ሕዝብ ሁኔታ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን በስም አወጣጣችንና በዘመን አቆጣጠራችን ምክንያት ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ተጨማሪ ምክንያቶች አሉን።

በመጀመሪያ፣ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የአባታችን ስም በአሜሪካ ቅጽ ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል፤ የአያታችን ስም አንዳንዴ በመካከል ይገባል፣ አንዳንዴ በመጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ይቀራል። ወልደ ጊዮርጊስ ወይም ገብረ ማርያም የሚለው ስም በአንዱ ባንክ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል። ጸ፣ ጠ፣ ጨና ቀ ደግሞ በላቲን ፊደል እንደ ጸሐፊው ፈቃድ የሚለዋወጡ ናቸው። ከዚህም የተነሣ የአንድ ሰው ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በአንድ አጻጻፍ፣ ግማሹም በሌላ አጻጻፍ ሊቀመጥ ይችላል። አሥር ዓመት በጊዜ የተከፈለ ሒሳብ ከባለቤቱ መዝገብ ውጭ ሆኖ ይቀራል።

ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው፤ ይኸውም የሁለት ሰዎች ታሪክ በአንድ መዝገብ ሲቀላቀል ነው። የመጀመሪያ ስማቸው በአንድ ፊደል የሚጀምር እኅትና ወንድም በአንድ ቤት ይኖራሉ እንበል። የመጨረሻ ስማቸው አንድ ነው፤ አድራሻቸውም አንድ ነው። በተጨማሪም እስከ 2011 አጋማሽ ድረስ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በተራ ይሰጥ ስለ ነበር፣ አብረው መጥተው በአንድ ቀን ያመለከቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ቁጥራቸው በመጨረሻው አኃዝ ብቻ የሚለያይ ሊሆን ይችላል። የኩባንያዎቹ ኮምፒውተር ደግሞ የሰው መረጃ ከነ ጥቃቅን የአጻጻፍ ስሕተቱ እንዳይጠፋ ሲል ጥቂት ልዩነትን ችላ ብሎ የማዛመድ ባሕርይ አለው። በእኛ ቋንቋ ቶለራንሱ ሰፍቷል ማለት ነው። ውጤቱም የወንድም ያልተከፈለ ካርድ በእኅት መዝገብ ላይ መገኘት ይሆናል።

በስም ብቻ ማዛመድ ምን ያህል እንደሚጎዳ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታየ አንድ ጉዳይ አለ። በ2011 ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ ሰው መኪና ሊገዛ ሄዶ ሳለ፣ ትራንስዩኒየን በመዝገቡ ላይ «በመንግሥት የአሸባሪዎችና የዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ሰው» የሚል ማስጠንቀቂያ አስፍሮበት ተገኘ። ምክንያቱም የመጀመሪያና የመጨረሻ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉ ስሞች ጋር መመሳሰሉ ብቻ ነበር። የልደት ቀን እንኳ አልተመሳከረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 በሰጠው ውሳኔ፣ የተሳሳተው ማስጠንቀቂያ ለአበዳሪዎች የተላለፈባቸው 1,853 ሰዎች ለደረሰባቸው ጉዳት መክሰስ እንደሚችሉ አጸና፤ ማስጠንቀቂያው ወደ ውጭ ላልተላለፈባቸው ከ6,000 በላይ ለሆኑት ግን ይህን መብት ነፈጋቸው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ስም ብቻውን የሰው መታወቂያ ሊሆን አይችልም፤ መዝገብን አስቀድሞ መመርመርም ፍርድ ቤት ከመሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር የልደት ቀን ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ከአውሮፓውያኑ በሰባትና በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ በአገር ቤት ወረቀት ላይ የነበረው ዓመት ሳይለወጥ የተገለበጠበት ሰው አለ። ቀኑና ወሩ ባለመታወቁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈለትም ብዙ ነው። ቀኑ ከመታወቂያ ወረቀቱ ጋር የማይገጥም ከሆነ ማንነቱን ማረጋገጥ ያስቸግራል፤ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው ሰዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ በሕጋዊው መታወቂያችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ምረጡ፤ ከዚያም በባንክ፣ በቤት ኪራይ ውልና በማናቸውም ማመልከቻ ላይ ያንኑ አጻጻፍ ፊደል ሳትለውጡ ተጠቀሙ።

፭. ዋስትናና የእኛ ልማድ

ለወገን ዋስ መሆን ከባህላችን መልካም ገጽታዎች አንዱ ነው። የአክስት ልጅ መኪና ሊገዛ ሲል «ፈርምልኝ» ቢል እንቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን በዚህ አገር ኮሳይን ማድረግ የሚባለው ነገር እኛ በአገር ቤት ከምናውቀው ዋስትና ይለያል። በእኛ ልማድ ባለ ዕዳው አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ዋሱ የሚጠራው እርሱ ሲያቅተው ነው። እዚህ ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ከዋሱ መሰብሰብ ይችላል። ከ1985 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት አበዳሪው ይህንኑ ለዋሱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ወረቀቱ ግን ከብዙ ወረቀቶች መካከል ሆኖ ስለሚሰጥ ሳይነበብ ይፈረማል።

ከዚህም በላይ ብድሩ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በዋሱ መዝገብ ላይ የራሱ ዕዳ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። የአክስት ልጅ በጊዜው ቢከፍልም እንኳ ዋሱ ቤት ሊገዛ በሄደ ጊዜ የመኪናው ዕዳ ከገቢው ጋር ሲመዛዘን ይገኛል። ባይከፍል ደግሞ የዘገየው ወር በሁለቱም መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ዋሱ ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን የምለው ወገን ለወገኑ እጁን እንዳይዘረጋ ለመቀስቀስ አይደለም። ዋስ የሚሆን ሰው የብድሩ ሒሳብ በኢንተርኔት እንዲታየው አስቀድሞ ስምምነት ያድርግ፤ መዝገቡንም በየወሩ ይመልከት። በጊዜው የሚጠየቅ ጥያቄ ኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ዘመድነትን ያድናል።

፮. መዝገቡን ስለ መመርመር

ሦስቱ ኩባንያዎች በሕግ ተገደው በጋራ ያቋቋሙት አንድ ድረ ገጽ አለ፤ ስሙም አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ይባላል። በስልክ ቁጥር 1-877-322-8228 ደውሎ በፖስታ ማስላክም ይቻላል። ሕጉ ያዘዘው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ግን በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ በየሳምንቱ በነጻ እንዲታይ ፈቅደው በ2023 ይህንኑ ቋሚ አድርገውታል። ስሙን በሚያስመስሉ ሌሎች ድረ ገጾች ላይ የካርድ ቁጥር ከተጠየቃችሁ ወደ ትክክለኛው ቦታ እንዳልደረሳችሁ ዕወቁ። በተጨማሪም ብድር ወይም ሥራ በመዝገቡ ምክንያት የተከለከለ ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ የዚያን ኩባንያ መዝገብ በነጻ የማግኘት መብት አለው።

ሦስቱንም ማየት ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም አበዳሪ ሁሉ ለሦስቱም አያስተላልፍም፤ የአንዱ ስሕተት በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በሚከተለው ተራ ብትመረምሩ ሥራው ይቀላችኋል።

አንደኛ፣ ስሙን፣ የልደት ቀኑንና አድራሻዎቹን ተመልከቱ። ኖራችሁበት የማታውቁት አድራሻ ካለ የሌላ ሰው ታሪክ መግባቱን የሚጠቁም የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ሒሳብ የእኔ ነውን ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም የተከፈተበትን ቀን፣ ጣሪያውንና ቀሪውን ዕዳ ከባንካችሁ ወረቀት ጋር አመሳክሩ። የካርድ ጣሪያ ከእውነተኛው አንሶ ከተጻፈ ወይም ከተዘለለ ዕዳው ከጣሪያው ጋር ሲነጻጸር በዝቶ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዘገየ የተባለውን እያንዳንዱን ወር ከክፍያ ማስረጃችሁ ጋር አስተያዩ።

አራተኛ፣ የአሮጌ ዕዳን ቀን መርምሩ። መጥፎ ታሪክ በመዝገቡ ላይ መቆየት የሚችለው በአጠቃላይ 7 ዓመት ነው፤ የኪሣራ ፍርድ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሰባቱ ዓመት የሚቈጠረው ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ጊዜ እንጂ ዕዳ ሰብሳቢው ሒሳቡን ከገዛበት ቀን አይደለም። ይህ ቀን ወደ ፊት ተገፍቶ ከተገኘ ስሕተት ነው።

አምስተኛ፣ የሕክምና ዕዳን ለይታችሁ ተመልከቱ። ሦስቱ ኩባንያዎች የተከፈለ የሕክምና ዕዳን ከ2022፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከመዝገባቸው አውጥተዋል።

ስድስተኛ፣ መዝገባችሁን የጠየቁትን ዝርዝር አንብቡ። አመልክታችሁት የማታውቁት አበዳሪ በዚያ ካለ፣ በስማችሁ ሌላ ሰው ሊበደር መሞከሩ ሊሆን ይችላል።

ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይላል የአገራችን ሰው። ምርመራው በዚህ መንፈስ ሲካሄድ ጥሩ ነው።

፯. ስሕተት ሲገኝ

ስሕተት ያገኘ ሰው ስሕተቱ ለሚታይበት ለእያንዳንዱ ኩባንያ አቤቱታ ያቅርብ። በኢንተርኔት ማቅረብ ይቻላል፤ ጉዳዩ የከበደ ሲሆን ግን በአደራ ደብዳቤ ከመድረሻ ማረጋገጫ ጋር መላክ ይሻላል። አቤቱታው ብዙውን ጊዜ በአጭር ኮድ ተለውጦ ወደ አበዳሪው ስለሚተላለፍ፣ ረዥም ሐተታ ከመጻፍ ይልቅ የሒሳቡን ቁጥር፣ የተሳሳተውን መስመርና ትክክለኛውን ቃል ለይቶ መጻፍ፣ የማስረጃውንም ቅጂ ማያያዝ ይገባል። ዋናው ማስረጃ ከእጅ አይውጣ።

ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት፤ አንዳንድ ጊዜ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ምርመራው ካለቀ በኋላም በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ውጤቱን በጽሑፍ ያሳውቃል። ትክክለኛነቱ ሊረጋገጥ ያልቻለ መረጃ መውጣት ወይም መታረም አለበት። ለአበዳሪው በቀጥታ መጻፍም መብት ነው፤ ስሕተቱ ከምንጩ ካልደረቀ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሊፈስ ይችላልና። ውጤቱ ያላረካው ሰው አጭር የራሱን መግለጫ በመዝገቡ ላይ ማስፈር፣ የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ ቢሮ ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማመልከት ወይም ጠበቃ ማማከር ይችላል።

ስርቆትን በሚመለከት፣ በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ከኢኩዊፋክስ መዘረፉን ታስታውሳላችሁ። ይህ ከሆነ በኋላ በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው መዝገቡን ያለ ክፍያ ማሳገድ ይችላል። የታገደን መዝገብ አዲስ አበዳሪ ሊያየው ስለማይችል በስማችሁ ብድር መክፈት አስቸጋሪ ይሆናል። እገዳው በእያንዳንዱ ኩባንያ ዘንድ ለየብቻ ይደረጋል፤ ብድር በምትፈልጉበት ጊዜ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ስትጠይቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ መነሣት አለበት። በእኔ አስተያየት በቅርቡ ብድር ለመውሰድ ያላሰበ ሰው ሁሉ መዝገቡን አሳግዶ ቢቀመጥ ይበጀዋል።

በመጨረሻም «ክሬዲት እናስተካክላለን» የሚሉ ደላሎች በቋንቋችን ሳይቀር ያስተዋውቃሉ። በ1996 የወጣው ሕግ እነዚህ ድርጅቶች ሥራውን ሳይፈጽሙ አስቀድመው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ውሉንም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ማፍረስ ይቻላል። እነርሱ በሕጋዊ መንገድ ሊያደርጉት የሚችሉትን ሁሉ ባለ መዝገቡ ራሱ በነጻ ሊያደርገው ይችላል። እውነተኛ የሆነ መጥፎ ታሪክን ግን ጊዜና በወቅቱ መክፈል ካልሆነ በቀር የሚያጠፋው የለም።

የተከበራችሁ የጉባኤው ተካፋዮች፤

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ ከአገር ቤት አዲስ የሚመጡ ወጣት ባለሙያዎችን ስንቀበል ስለ ሙያ ፈቃድና ስለ ሥራ ፍለጋ እንደምንመክራቸው ሁሉ፣ ስለዚህ መዝገብም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ዘርግተን ብናስተምራቸው መልካም ነው። በዋስትና ገንዘብ የሚከፈት ካርድ እንዴት እንደሚጀመር፣ ስም በአንድ አጻጻፍ እንዴት እንደሚጸና፣ ሦስቱ መዝገቦች እንዴት እንደሚነበቡ ለማሳየት ከሁለት ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅም። እኛ ነባሮቹም እስከሚመጣው ወር መጨረሻ ድረስ የየራሳችንን መዝገብ አውጥተን እንመርምር፤ ያረጁ ወላጆች ያሉንም የእነርሱን በፈቃዳቸው አብረን እንይላቸው፤ በቋንቋው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚቸገሩት እነርሱ ናቸውና።

ይህ መዝገብ ስለ ሰውነታችን ክብርና ስለ ልባችን ቅንነት የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ስለ ክፍያችን ብቻ ነው። ይሁንና በዚህ አገር ብዙ በር የሚከፈተውና የሚዘጋው በእርሱ ቃል እስከ ሆነ ድረስ፣ ቃሉ ቢያንስ እውነት እንዲሆን መጠበቅ የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ነው።